የዕለት ነው ወይስ የማግስት? በ«አባታችን ሆይ» ውስጥ ያለው እንግዳ ቃል

በግእዝ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» እንላለን፤ በአማርኛ ደግሞ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ»። ጆሯችን ስለለመደው ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። «የዕለት ጉርስ፣ የዓመት ልብስ» ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዛሬን የሚያሳድር ምግብ ማለት ነው። ግሪኩ ላይ ሲኬድ ግን ይህ ግልጽነት ይጠፋል። «የዕለት» ተብሎ የተተረጎመው ቃል ኤፒኡሲዮስ ይባላል። ሊቃውንት ከ1,700 ዓመት በላይ ተከራክረውበት እስከ ዛሬ አንድ ስምምነት ላይ አልደረሱም።

ችግሩ የሚጀምረው ከቁጥር ነው። ኤፒኡሲዮስ በአዲስ ኪዳን ውስጥ ሁለት ቦታ ብቻ ይገኛል፤ ማቴዎስ 6፥11 እና ሉቃስ 11፥3። ሁለቱም የሚያመጡት ያንኑ ጸሎት ስለሆነ፣ በምስክርነት ደረጃ እንደ አንድ ቢቆጠሩ ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ውጭ ዲዳኬ በሚባለው ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 8 ላይ አለ፤ እዚያም የተጠቀሰው ይኸው ጸሎት ነው። ሰብዓ ሊቃናት በተረጎሙት የግሪክ ብሉይ ኪዳን ውስጥ ፈጽሞ የለም። ከክርስትና በፊት በጻፉት ገጣሚዎች፣ ፈላስፎችና የታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድም አይገኝም። የአንድ ቃል ትርጉም የሚታወቀው ሰዎች በተለያየ ቦታ እንዴት እንደተጠቀሙበት በማስተያየት ነው። እዚህ የሚስተያይ ነገር የለም።

ይህን ቀድሞ ያስተዋለው የእስክንድርያው ኦሪጀን ነው። እ.ኤ.አ. በ230ዎቹ ስለ ጸሎት በጻፈው መጽሐፉ፣ ቃሉን ከግሪክ ሊቃውንት አንድም ሰው እንዳልተጠቀመበት፣ ተራው ሕዝብም በንግግሩ እንደማያውቀው፣ ወንጌላውያኑ ራሳቸው የፈጠሩት እንደሚመስል ይናገራል። ልብ በሉ፤ ኦሪጀን አፉን የፈታው በግሪክኛ ነው፤ ያደገው በዚያ ዘመን የግሪክ መጻሕፍት በብዛት ከተከማቹባቸው ከተሞች በአንዷ ነው። እርሱ «ማንም አልተጠቀመበትም» ያለውን ቃል ዛሬ አንድ ሰባኪ ስልኩን ከፍቶ «ግሪኩ በግልጽ እንዲህ ነው የሚለው» ካለ፣ ነገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩን በቃል በቃል እንየው። ማቴዎስ «ቶን አርቶን ሄሞን ቶን ኤፒኡሲዮን ዶስ ሄሚን ሴሜሮን» ይላል። አርቶን እንጀራ ወይም ዳቦ ነው፤ ሄሞን የእኛ፤ ዶስ ስጥ፤ ሄሚን ለእኛ፤ ሴሜሮን ዛሬ። እንጀራው ከነቅጽሉ ከፊት መጥቶ ግሱ ይከተለዋል፤ በአጋጣሚ ከአማርኛው አሰካክ ጋር ይቀራረባል። ሉቃስ ግን ሁለት ነገር ይቀይራል። «ዶስ» በማለት ፈንታ «ዲዱ» ይላል፤ የመጀመሪያው ለአንድ ጊዜ ስጥ ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው አታቋርጥ፣ መስጠትህን ቀጥል እንደማለት ነው። «ዛሬ» በሚለው ቦታም «ቶ ካት ሄሜራን»፣ ማለትም «ዕለት ዕለት» የሚለውን ያገባል። ይህ ሉቃስ የሚወደው አነጋገር ነው፤ ሉቃስ 19፥47 እና ሐዋርያት ሥራ 17፥11 ላይም ይዞት ይመጣል።

አሁን በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሉቃስ 11፥3 ላይ ግለጡ፤ «የዕለት እንጀራችንን ዕለት ዕለት ስጠን» ይላል። ዕለት የሚለው ቃል በአንዲት አጭር ሐረግ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደራረበ። ተርጓሚዎቹን መውቀስ አይገባም፤ ኤፒኡሲዮስን «የዕለት» ብሎ የሚፈታ ሁሉ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን፣ እዚህ ላይ መደጋገም አይቀርለትም። ነገር ግን ድግግሞሹ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። ሉቃስ «ዕለት ዕለት» የሚለውን ጨምሮ ከጻፈ፣ ቅጽሉ ላይ ያለው ቃል ሌላ ነገር ለመናገር የተቀመጠ አይሆንምን?

በዚህ ላይ፣ «የዕለት» ለማለት ግሪክኛ የተለመዱ ቃላት ነበሩት፤ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም ነበር። ያዕቆብ 2፥15 ላይ ወንድም ወይም እኅት «የዕለት ምግብ» ቢያጡ የሚለው ቃል ኤፌሜሮስ ነው። ሐዋርያት ሥራ 6፥1 ላይ መበለቶቹ ችላ የተባሉበት የየዕለቱ አገልግሎት ካቴሜሪኖስ በሚል ቃል ተገልጿል። አማርኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው ማቴዎስ 6 ላይ ያለው «የዕለት» እና ያዕቆብ 2 ላይ ያለው «የዕለት» አንድ ይመስሉታል። ግሪኩ ላይ ግን አይገናኙም። እንደ እኔ ከሆነ፣ በጠቅላላው ክርክር ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘው ነጥብ ይህ ነው።

መዝገበ ቃላት ሲታይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙዎቻችን የምንጠቀምባቸው የመጽሐፍ ቅዱስ መተግበሪያዎች የስትሮንግን ቁጥር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የግሪክና የዕብራይስጥ ቃል የተሰጠውን መለያ ቁጥር፣ ያሳያሉ። ኤፒኡሲዮስ 1967 ነው። ቁጥሩን ስትጫኑ ከሚመጣው አጭር ፍቺ ውስጥ «የዕለት» የሚል ይገኝበታል። ሰውየውም «ይኸው መዝገበ ቃላቱ አረጋገጠልኝ» ይላል። መዝገቡ ግን ያንን ያገኘው ከየት ነው? ቃሉ ሌላ ቦታ ስለሌለ፣ «የዕለት» የሚለው የተጻፈው የቀድሞ ተርጓሚዎች ጸሎቱን እንደዚያ ስለተረጎሙት ነው። ትርጉሙ መዝገቡን ይደግፋል፤ መዝገቡ ደግሞ ትርጉሙን። ሁለቱ እርስ በርስ ከመደጋገፍ በቀር አንድም የውጭ ምስክር የላቸውም። ስለዚህ የስትሮንግን ቁጥር ስትጠቀሙ መጀመሪያ የሚታየው ፍቺው ሳይሆን ቃሉ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ነው። ከሦስትና ከአራት በታች ከሆነ ፍቺውን እንደ መላ ምት ያዙት። ከዚያ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ሂዱና 1966ን ክፈቱ፤ እዚያ ያለው ቃል ወደፊት በደንብ ያስፈልገናል።

የውጭ ምስክር ተገኘ የተባለበት ጊዜ ነበር፤ ታሪኩ ሊነገር የሚገባው ነው። የጥንት ቅርስ ቆፋሪው ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብፅ ፋዩም፣ ሐዋራ በምትባል ቦታ ባደረገው ቁፋሮ የፓፒረስ (ከደንገል የሚሠራ የጥንት መጻፊያ) ቁርጥራጮች ወጡ። ከእነርሱ አንዱ የወጪ መዝገብ ነበር። ጽሑፉን ያነበበው ሴይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ፣ በአንደኛው መስመር ላይ «ኤፒኡሲ…» የሚል እና መጨረሻው የጠፋ ቃል እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1889 አሳተመ። ንባቡ በ1915 ፕራይዚግከ ባዘጋጀው የፓፒረስ ስብስብ ውስጥ 5224 የሚል ቁጥር ይዞ ገባ። ከዚያ በኋላ ደስታው ለጉድ ነበር። በቤት ወጪ ዝርዝር ውስጥ ከተገኘማ ቃሉ ተራ የሰፈር ቃል ነው፤ ለሠራተኛ ወይም ለወታደር በየቀኑ የሚሰፈር ቀለብ ማለት ነው ተባለ። ፓፒረሱ ግን ጠፍቶ ስለነበር ንባቡን ማንም ሊያጣራ አልቻለም። መጻሕፍት ለአሥርት ዓመታት አንዱ ከሌላው እየገለበጡ እንደ ማስረጃ ጠቀሱት። በ1998 ፓፒረሱ አሜሪካ ውስጥ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የባይኔኪ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። ኔይማን እና ዎርፕ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1999 ዓይን በዓይን ያዩትን አሳተሙ። የተጻፈው ኤፒኡሲዮስ ሳይሆን «ኤላዩ» ነበር፤ ዘይት ማለት ነው። ከዚያ በፊት የታተሙ ማብራሪያዎች በእጃችሁ ካሉ፣ «በአንድ የግብፅ ፓፒረስ ላይም ተገኝቷል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሰርዙት።

ስለዚህ የሚቀረን የቃሉ አወቃቀር ነው። እዚህም ጥንቃቄ ያሻል፤ ሥር ብቻውን ትርጉም አይሰጥምና። «እንጀራ እናት» የሚለውን አንድ የውጭ ሰው እንጀራና እናት ብሎ ነጣጥሎ ቢተረጉመው ምን ላይ እንደሚወድቅ እናውቃለን። «ቁርስ» ቆረሰ ከሚለው እንደወጣ ማወቅ ብቻውን የጠዋት ምግብ መሆኑን አይነግረንም። ሥር የሚጠቅመው የማይቻለውን ለመጣል ነው እንጂ የሚቻለውን ለማጽደቅ አይደለም።

የቀረቡት አማራጮች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ቃሉን ኤፒ እና ኡሲያ ብሎ ይከፍለዋል። ኡሲያ ህላዌ፣ ባሕርይ፣ መሠረተ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ «ከአብ ጋር አንድ ባሕርይ» የተባለበት ሆሞኡሲዮስ የሚለው ቃል ከዚሁ ይወጣል። በዚህ መንገድ ሲሄዱ ለህላዌያችን የሚያስፈልግ እንጀራ ወይም ከባሕርይ ሁሉ በላይ የሆነ እንጀራ የሚል ይገኛል። ሁለተኛው ኤፒኤናይ ከሚለው ግስ ያወጣዋል፤ መምጣት፣ መከተል፣ መድረስ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣው ቀን እንጀራ ይሆናል።

የመጀመሪያው አማራጭ በአንዲት ፊደል ይሰናከላል። ኤፒ በአናባቢ ከሚጀምር ቃል ጋር ሲጣመር የመጨረሻዋን «ኢ» ይጥላል። ኤፒ እና ኡራኖስ (ሰማይ) ሲገናኙ ኤፑራኒዮስ ይሆናሉ እንጂ ኤፒኡራኒዮስ አይሆኑም፤ ዮሐንስ 3፥12 እና ዕብራውያን 3፥1 ላይ ማየት ይቻላል። ኤፒ ከኡሲያ ጋር ቢጣመር በደንቡ «ኤፑሲዮስ» እንጂ «ኤፒኡሲዮስ» አይወጣም ነበር። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ኢዋን ያልጣሉ ቃላትም አሉ የሚል ነው። እውነት ነው፣ አሉ፤ አንዱ እንዲያውም እዚያው ጎረቤት፣ ማቴዎስ 5፥33 ላይ በሐሰት መማልን የሚከለክለው ግስ ኤፒኦርኬኦ ነው። ሌላው ፊልጵስዩስ 4፥5 ላይ ለገርነት የገባው ኤፒኤይኬስ ነው። ግን ኦርኬኦ የወጣበት ሆርኮስ (መሐላ) በትንፋሽ «ሀ» የሚጀምር ነው፤ ኤይኬስም በጥንት ዘመን ከፊቱ «ው» የሚል ድምፅ ነበረው። በመካከል ተነባቢ ስለነበረ ኢዋ ተረፈች። ኡሲያ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ጀሮም ፔሪኡሲዮስ ከሚለው ቃል ጋር ማመሳሰሉም (ቲቶ 2፥14 ላይ ለራሱ ገንዘብ የሆነ ሕዝብ የተባለበት ነው) ብዙ አያስኬድም፤ ፔሪ እንደ ኤፒ ኢዋን የመጣል ልማድ የለውምና።

ሁለተኛው አማራጭ ግን ኢዋን ያለ ችግር ይዞ ይመጣል፤ የግሱ የራሱ ናትና። በላይ መሆን የሚለው ግስ የሴት ጾታ ቦዝ አንቀጹ ኤፑሳ ነው፤ መምጣት የሚለው ግን ኤፒኡሳ። ከእንዲህ ዓይነት ቦዝ ደግሞ «-ሲዮስ» የሚል ቅጽል ማውጣት ግሪክኛ የለመደው ነው፤ ሄኩሳ (ፈቃደኛ) ከሚለው ሄኩሲዮስ ይወጣል፤ ፊልሞና ቁጥር 14 ላይ በፈቃድ የሚለው ይኸው ነው። ኤፒኡሳ ኤፒኡሲዮስን ቢወልድ እንግዳ ነገር አይደለም።

ኡሲያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉ በአዲስ ኪዳን ውስጥ አለ፤ ግን የሚገኘው ሉቃስ 15፥12–13 ላይ ብቻ ነው። የጠፋው ልጅ ከአባቱ ተካፍሎ የበተነው ገንዘብ፣ ንብረት፣ እርሱ ነው ኡሲያ። የፍልስፍናውን ህላዌ በአሳ አጥማጆች ጸሎት ውስጥ ከማንበብ በፊት ይህን ማስታወስ ደግ ነው።

አሁን ወደ 1966 ቁጥር እንመለስ። ኤፒኡሳ በአዲስ ኪዳን አምስት ጊዜ ይገኛል፤ አምስቱም ሐዋርያት ሥራ ውስጥ ናቸው፤ 7፥26፣ 16፥11፣ 20፥15፣ 21፥18 እና 23፥11። የመጨረሻው ስለ ሌሊት ነው፤ ሌሎቹ ስለ ቀን። ጳውሎስና ጓደኞቹ ከጢሮአዳ ተነሥተው ወደ ሳሞትራቄ ሄዱ፤ በኤፒኡሳ ደግሞ ወደ ናጱሌ። ብዙ ጊዜ «ቀን» የሚለው ስም እንኳ አይጨመርበትም፤ «የምትከተለዋ» ሲባል ቀን መሆኗ ይታወቃል። የግሪኩ ምሳሌ 27፥1 ከሁሉ ይልቅ ይረዳናል። ስለ ነገ አትመካ ሲል አውሪዮን ይላል፤ የሚመጣው ቀን ምን እንደሚወልድ አታውቅምና ሲል ግን ኤፒኡሳ ይላል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ቁጥር ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ።

ልዩነታቸውን ለማስረዳት አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ አቅም አለው። አውሪዮን ነገ ነው፤ ከምንናገርበት ቀን ተነሥቶ ይቆጠራል። ኤፒኡሳ ማግስት ነው፤ ከተጠቀሰው ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው። «የሠርጉ ማግስት» ሲባል ማንም ሰው ነገን አያስብም። ግሪክኛው ግን ከማግስትም ትንሽ ይለጠጣል፤ ጎሕ ሳይቀድ የተናገረ ሰው ኤፒኡሳ ካለ ሊነጋ የተቃረበውን ያንኑ ቀን ማለቱ ሊሆን ይችላል። በፕላቶን «ክሪቶን» ውስጥ ሶቅራጥስ እስር ቤት ሆኖ ሳይነጋ ስለምትመጣው መርከብ ሲነጋገር፣ በሚመጣው ቀን ሳይሆን በሌላኛው ትደርሳለች ይላል፤ «የሚመጣው» ያለው ሊነጋ የነበረውን ነው። እንግዲህ ጸሎቱ በጠዋት ከተጸለየ ኤፒኡሲዮስ የተባለው እንጀራ የዛሬ ነው፤ ማታ ከተጸለየ የነገ። ዲዳኬ ጸሎቱን በቀን ሦስት ጊዜ ጸልዩ ስለሚል ሁለቱም ይገጥማሉ።

በዚህ ላይ የሚነሳው ዋናው ተቃውሞ ማቴዎስ 6፥34 ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ «ለነገ አትጨነቁ» ያለ ጌታ እንዴት የነገን እንጀራ ዛሬ ለምኑ ይላል? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ በእኔ ሚዛን ግን ውሃ አያነሳም። መለመንና መጨነቅ አንድ አይደሉም፤ ጳውሎስ ፊልጵስዩስ 4፥6 ላይ አትጨነቁ ካለ በኋላ ወዲያው ልመናችሁን አስታውቁ ይላል። የነገውን ዛሬ የለመነ ሰው ለጭንቀቱ ምክንያት አያገኝም። በተጨማሪም 6፥34 ላይ የገባው ቃል አውሪዮን ነው እንጂ ኤፒኡሳ አይደለም።

የዘመኑ ኑሮም ይህንኑ ያግዛል። በማቴዎስ 20 የወይን አትክልት ባለቤት ለቀን ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን የሚከፍለው ሲመሽ ነው፤ ዘዳግም 24፥15 ፀሐይ ሳትገባ ክፈለው ብሎ ያዝዛልና። ሲመሽ የተከፈለ አንድ ዲናር ምን ይገዛል? ቤት ለሚጠብቀው ቤተሰብ እራቱንና የማግስቱን እህል። በአይሁድ አቆጣጠር ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ማግስቱ ጀምሯል። ማታ ላይ ሊጥ አቡክታ የምትተኛ ሴት ነገ የሚጋገረውን ዛሬ ማግኘት አለባት፤ ይህን ለማንም ባለ ምጣድ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዘፀአት 16 ከበስተጀርባ እንዳለ ብዙዎች ይስማማሉ፤ እኔም እስማማለሁ። መና ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር ነበር፤ ጎሞር የኢፍ አሥረኛ እጅ ነው። ቁጥር 4 የቀኑን በቀኑ እንዲለቅሙ ያዝዛል፤ የሉቃስ «ዕለት ዕለት» የሚያስተጋባው ይህን ሳይሆን አይቀርም። እስከ ነገ ያስተረፈ ተላበት። በስድስተኛው ቀን ግን ሁለት ጎሞር ለቀሙ፤ የነገው ዛሬ ተሰጠ፤ አልተላምም። የነገን እንጀራ ዛሬ መቀበል በመጽሐፉ ውስጥ ያለመታመን ምልክት የሆነበትም፣ የሰንበት ስጦታ የሆነበትም ቦታ አለ። ጸሎቱን ስለ መጨረሻው ዘመን ማዕድ የሚተረጉሙት ሰዎች የሚመረኮዙት በዚህ በሁለተኛው ነው፤ የሚመጣውን ዓለም እንጀራ አሁን አቅምሰን እንደማለት። ያምራል፤ ግን ከቃሉ ብቻ ተነሥቶ እዚህ ድረስ መድረስ ረጅም ዝላይ ነው።

ጥንታውያኑ ተርጓሚዎች እንዴት እንደተወጡት ማየት ያስደስታል። የጥንቱ ላቲን «ኮቲዲያኑም» አለ፤ የየዕለት። ጀሮም እ.ኤ.አ. በ380ዎቹ ወንጌላትን ሲያርም በሉቃስ ላይ ይህንኑ ተወው፤ በማቴዎስ ላይ ግን «ሱፐርሱብስታንሲያሌም» ብሎ ከባሕርይ በላይ የሚል ቃል አስገባ። አንድ ሰው፣ አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም። ሕዝቡ ግን በጸሎቱ ኮቲዲያኑምን አልለቀቀም። ይኸው ጀሮም በማቴዎስ ማብራሪያው ላይ፣ የዕብራውያን ወንጌል በሚባለው መጽሐፍ «ማሐር» የሚል ቃል እንዳገኘ ጽፏል፤ የነገ ማለት ነው። ትልቅ ምስክር ነው፤ ነገር ግን ያ መጽሐፍ ራሱ ከግሪኩ የተተረጎመ ከሆነ የሚያሳየን የጌታን የአራማይክ ቃል ሳይሆን የአንድ ጥንታዊ አንባቢን አረዳድ ነው። በሶርያ የጥንቱ ትርጉም «አሚና» ይላል፤ የማይቋረጥ። በኋላ የመጣው ፐሺታ «የሚያስፈልገን እንጀራ» አለ። በግብፅ ደግሞ የላይኛው ግብፅ ቅብጥ «የሚመጣው እንጀራችን» ሲል፣ የታችኛው ግብፅ ቅብጥ በቀጥታ «የነገ እንጀራችን» አለ። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዛሬም በቅብጥም በዐረብኛም ሲጸልዩ የነገውን ዛሬ ስጠን ነው የሚሉት።

እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። ጳጳሳት ለብዙ መቶ ዓመታት ከእስክንድርያ ይመጡልን ነበር፤ ጸሎቱ ግን የእነርሱን «የነገ» አልወሰደም። ግእዙ «ዘለለ ዕለትነ» ብሎ ጸና። «ለለ» እያንዳንዱን የሚያመለክት ነው፤ ለለ ዕለት፣ በየዕለቱ። «ሲሳይ» የሚለው ምርጫም ብልህነት አለበት፤ ሴሰየ፣ መገበ ከሚለው የወጣ ስለሆነ ከኅብስት ይሰፋል። አማርኛው «እንጀራ» ሲልም አልጠበበም፤ እንጀራ ፍለጋ ወጣ የተባለ ሰው ጤፍ ሊገዛ አይደለም የሄደው።

የግሪክ አባቶችም አልተስማሙም። ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ 19ኛ ድርሳኑ ለአንድ ቀን የሚበቃ እንጀራ ነው ብሎ በአጭሩ ያልፈዋል። የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ ለአዲስ ተጠማቂዎች ሲያስተምር ተራው እንጀራ ኤፒኡሲዮስ እንዳልሆነ፣ ይህ ቅዱስ እንጀራ ግን ለነፍስ ህላዌ የተሰጠ ኤፒኡሲዮስ እንደሆነ ይናገራል። ቄርሎስ ይህን ያለው ቅዳሴውን ደረጃ በደረጃ እየተረጎመ ነው፤ ጸሎቱ ከቁርባን በፊት በሚባልበት ቦታ ላይ ቆሞ። እኛም ቅዳሴ ላይ አቡነ ዘበሰማያትን እዚያው አካባቢ እንላለን። ቦታው ትርጉሙን ሰጠው እንጂ ሰዋስዉ አይደለም፤ እንዲህ ማለት ትርጓሜውን ማናናቅ አይደለም። አውግስጢኖስ ለሆድ የሚሆነውን፣ ቁርባኑንና የእግዚአብሔርን ቃል ሦስቱንም ደርቦ ያዘ። የእኛ የአንድምታ መምህራን ቢያዩት አይደነቁም፤ አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲህ ማለት ሥራቸው ነውና።

ለሚያስተምር ሰው እንግዲህ የሚመቸው አካሄድ የሚከተለው ነው። «ቃሉ ሌላ ቦታ ስለማይገኝ ትርጉሙ አከራካሪ ነው» ማለት ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። «ከሰዋስው አንጻር የሚመጣው ቀን የሚለው ያደላል» ማለት ይችላል፤ እኔም ወደዚያ ነኝ። «ኤፒ ማለት በላይ፣ ኡሲያ ማለት ባሕርይ፤ ስለዚህ ጌታ ስለ ሥጋዊ እንጀራ አልተናገረም» ማለት ግን አይችልም፤ ሰዋስዉም ዐውዱም አይፈቅዱለትም፤ 6፥25 እና ተከታዮቹ ስለ መብልና ልብስ ናቸው። ቁርባንን ማምጣት ከፈለገ ዮሐንስ 6 አለለት፤ ከአባቶች ትርጓሜም መጥቀስ ይችላል፤ ቃሉን ማስጨነቅ አያስፈልገውም።

ለተርጓሚ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። «የማግስቱን እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ብሎ በጽሑፉ ውስጥ ቢያስገባ ሰዋስዉን ያረካል፤ ጉባኤው ግን አብሮት አይጸልይም፤ ጸሎት በአፍ የተያዘ ነውና። ማቴዎስ ላይ «የዕለት» የሚለውን ትቶ በግርጌ «ወይም፦ ለሚመጣው ቀን የሚሆነውን፤ ወይም፦ የሚያስፈልገንን» ብሎ ቢያኖር ይበቃዋል። ሉቃስ ላይ ግን ሦስቱን ዕለት መቀነስ ይቻላል፤ «የሚያስፈልገንን እንጀራ ዕለት ዕለት ስጠን» ቢባል አፍ ላይም አይጎረብጥም፤ በቅዳሴም በቤትም የሚደገመው የማቴዎሱ ስለሆነ ለውጡ ከማንም ልማድ ጋር አይጋጭም።